ካልኩሌተር የማይበቃውን ግዙፍ ቁጥር በወረቀት መተንተን፦ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን በየሳምንቱ ይመጣብኛል። ከሸዋ ሮቢት በስልክ፣ ከደብረ ሲና በቴሌግራም፣ ከዚሁ ሰፈር ደግሞ በሬ ተንኳኩቶ። «መምህር፣ ይሄን የሚያህል ቁጥር ሰጥተውን ስንት አካፋይ አለው ይላሉ። ከየት ነው የምንጀምረው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ሁላችሁም እንድታገኙት በሥርዓት ልጻፈው።

አብረን የምንፈታው ቁጥር ይህ ነው፦

5,132,167,840,800

አምስት ትሪሊዮን ከምናምን ነው። ለልምምድ ብዬ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው። ስንጨርስ ስንት አካፋይ እንዳለው፣ ከነሱ ውስጥ ስንቱ ጎዶሎ እንደሆነ፣ በምን ቢባዛ ፍጹም ስኩዌር (የአንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ብዜት) እንደሚሆን እናውቃለን። ካልኩሌተር አንነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አምስት ስድስት ቁጥር ከሠራችሁ በኋላ ግን ሩብ ሰዓት ይበቃችኋል።

ሁለት ቃል ብቻ እንያዝ። ፕራይም ማለት በ1 እና በራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ነው። በታችኛው ክፍል ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከዚያ በላይ አካፋይ ያለው ኮምፖዚት ነው። 1 ራሱ ከሁለቱም አይመደብም።

የሚያስፈልጋችሁ

- ባለ ካሬ ደብተር። መስመር ብቻ ያለው ደብተር ላይ አኃዞች ይንሸራተታሉ።
- እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይሁን።
- ከ2 እስከ 127 ያሉ ፕራይሞች ዝርዝር። 31 ናቸው። ራሳችሁ ጻፏቸውና የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ለጥፏቸው።
- ከ1 እስከ 120 ያሉ ቁጥሮች ስኩዌር። ሠንጠረዡን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት፣ ለዓመት ያገለግላችኋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

ትልቅ ቁጥር ከስልክ ወይም ከኤክሴል ላይ አትገልብጡ። ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በዜሮ ይሞላዋል። አንድ ተማሪ 2⁶⁷−1ን በኤክሴል አስልቶ 147,573,952,589,676,000,000 ብሎ አመጣልኝ። «በ10 ይካፈላል» አለኝ። ትክክለኛው ቁጥር ግን 147,573,952,589,676,412,927 ነው። በ10 ቀርቶ በ2 እንኳ አይካፈልም። ልጁ አንድ ሙሉ ማታ የደከመበት ሥራ ከመነሻው የተበላሸ ነበር። ጅራቱ የተቆረጠ ቁጥር ሌላ ቁጥር ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አኃዝ እየለያችሁ ጻፉት

5 | 132 | 167 | 840 | 800

በእያንዳንዱ ካሬ አንድ አኃዝ ይግባ። ከግራ ሳይሆን ከቀኝ መጀመሩ ግድ ነው። ደረጃ 4 ላይ የምንሠራው ሥራ ሁሉ በዚህ አከፋፈል ላይ ይቆማል። አንድ አኃዝ ከዘለላችሁ ቀሪው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ አኃዞቹን ቁጠሩ። የእኛው 13 ናቸው።

ደረጃ 2፦ ጅራቱን እዩ (2 እና 5)

ሁለት ዜሮ አለ። ስለዚህ 100ን እናወጣለን።

5,132,167,840,800 = 100 × 51,321,678,408

100 ደግሞ 2² × 5² ነው። የቀረው በ8 ያልቃል። በ0 ወይም በ5 ስለማያልቅ 5 እዚህ ላይ አበቃ።

2 ግን አላበቃም። የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች እዩ፦ 408። በ8 ይካፈላል (8 × 51)። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች በ8 ከተካፈሉ ቁጥሩ በሙሉ በ8 ይካፈላል። ለምን? ከነሱ በስተግራ ያለው ሁሉ የ1000 ብዜት ነው፣ 1000 ደግሞ 8 × 125 ነው። ሊያስቸግር የሚችለው ጅራቱ ብቻ ነው።

51,321,678,408 ÷ 8 = 6,415,209,801

በ1 አለቀ፣ ጎዶሎ ነው። 2 አበቃ። እስካሁን 2² ከዜሮዎቹ፣ 2³ ከ8 አግኝተናል። በድምሩ 2⁵ ነው። ዳር ላይ ጻፉት፦ 2⁵፣ 5²።

ደረጃ 3፦ አኃዞቹን ደምሩ (3 እና 9)

6+4+1+5+2+0+9+8+0+1 = 36። 36 በ9 ይካፈላል፣ ስለዚህ ቁጥሩም በ9 ይካፈላል።

ምክንያቱን በገብስ ላሳያችሁ። 10 ፍሬ ገብስ ለ9 ሰው እኩል ብታካፍሉ 1 ይተርፋል። 100 ፍሬ ብታካፍሉ 99ኙ ይሄዳል፣ አሁንም 1 ይተርፋል። 1000ም ቢሆን እንደዚያው። እንግዲህ 400 ካለ አራት ፍሬ ይተርፋል፣ 6000 ካለ ስድስት። የተረፉትን አንድ ላይ ስትሰበስቡ የአኃዞቹ ድምር ይሆናል። ያ ድምር ለ9 ከተካፈለ ሁሉም ተካፍሏል ማለት ነው። 3ም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

6,415,209,801 ÷ 9 = 712,801,089

አሁን ሁለተኛ ጊዜ ደምሩ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚስተው። አንዴ 9 ካወጣ በኋላ ወደ 7 ይሮጣል። 7+1+2+8+0+1+0+8+9 = 36። እንደገና በ9 ይካፈላል!

712,801,089 ÷ 9 = 79,200,121

7+9+2+0+0+1+2+1 = 22። በ3ም በ9ም አይካፈልም። አሁን አበቃ። ሁለት ጊዜ 9 ማለት 3⁴ ነው።

ደረጃ 4፦ የሦስት ሦስት አኃዝ ፈተና (7፣ 11 እና 13 በአንዴ)

ከሁሉም ደረጃዎች የምወደው ይህን ነው፣ ብዙዎቻችሁም ያልተማራችሁት ይህን ነው። 7 × 11 × 13 = 1001። ይህችን አንድ ብዜት ከያዛችሁ ሦስቱንም ፕራይሞች በአንድ ቅነሳ ትፈትናላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስቱን አንዴ ደምሩ፣ አንዴ ቀንሱ።

79 | 200 | 121

121 − 200 + 79 = 0

ውጤቱ 0 ከሆነ ቁጥሩ በ1001 ይካፈላል። ማለትም በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም። ውጤቱ 0 ካልሆነ ያንን ትንሽ ቁጥር በ7፣ በ11 እና በ13 ለየብቻ ሞክሩ። ትንሹ በየትኛው ከተካፈለ ትልቁም በዚያው ይካፈላል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢወጣ ምልክቱን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ፈትኑ።

ለምን ይሠራል? 1000 ከ1001 በአንድ ያንሳል። እያንዳንዱን አንድ ሺህ በ1001 ስትለኩት አንድ ይጎድላል፣ ስለዚህ ይቀነሳል። አንድ ሚሊዮን ደግሞ ሺህ ጊዜ ሺህ ነው። የጎደለው በጎደለው ሲባዛ ይደመራል። ከዚያ በላይም እንዲሁ እየተፈራረቀ ይሄዳል።

79,200,121 ÷ 1001 = 79,121

በ1001 ማካፈል ቀላል ነው። 79,121 × 1001 ማለት 79,121,000 ላይ 79,121 መደመር ነው። ደምሩና አረጋግጡ።

ፈተናውን ድገሙት። 79 | 121፣ እና 121 − 79 = 42። 42 በ7 ይካፈላል። በ11 እና በ13 አይካፈልም። ስለዚህ 7 ሁለተኛ ጊዜ አለ።

79,121 ÷ 7 = 11,303

አሁንም ድገሙት። 303 − 11 = 292። 292 በ7 ሲካፈል 5፣ በ11 ሲካፈል 6፣ በ13 ሲካፈል 6 ይቀራል። ሦስቱም አበቁ። ዳር ላይ ጻፉ፦ 7²፣ 11፣ 13።

13 አኃዝ የነበረው ቁጥር 5 አኃዝ ሆነ።

ደረጃ 5፦ ከመቀጠላችሁ በፊት ማካፈሉን በቀሪ አረጋግጡ

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ ካለ ይህ ደረጃ ለእሱ እንግዳ አይደለም። ዘመኑን ለ19 ገድፎ (19ን ደጋግሞ አውጥቶ) ቀሪውን ይይዛል። ለምሳሌ 2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል። ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 19 ስንት ጊዜ እንደተገደፈ ለወንበሩ አያስፈልግም። የሚሠራው ቀሪው ነው። እኛም እንደዚሁ ነው የምናደርገው፣ የምንገድፈው ግን ለ9 እና ለ11 ነው።

የመጨረሻውን ማካፈል እንፈትን። 7 × 11,303 = 79,121 ብለናል።

ለ9 ስንገድፍ፦ የ11,303 አኃዞች ድምር 8 ነው። 7 × 8 = 56፣ ለ9 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። የ79,121 ድምር 20 ነው፣ ለ9 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። ተስማሙ።

ለ11 ስንገድፍ፦ አኃዞቹን ከቀኝ ጀምሮ አንዴ መደመር፣ አንዴ መቀነስ ነው። 11,303 ላይ 3−0+3−1+1 = 6። 7 × 6 = 42፣ ለ11 ሲገደፍ 9። 79,121 ላይ 1−2+1−9+7 = −2፣ 11 ሲጨመርበት 9። ተስማሙ።

ሁለቱንም ማድረግ ያለባችሁ በዚህ ምክንያት ነው። እጅ ተሳስቶ 79,121ን 79,211 ብላችሁ ብትጽፉ የ9 ፈተና አያውቅባችሁም፣ ድምሩ አሁንም 20 ነውና። የ11 ፈተና ግን ይይዘዋል፦ 1−1+2−9+7 = 0 ይመጣል እንጂ 9 አይመጣም። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጣት ደንዝዞ ሁለት አኃዝ ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው። ከእያንዳንዱ ማካፈል በኋላ ይህን አድርጉ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ሁለቱ ፈተናዎች መስማማታቸው ብቻውን ሥራው ልክ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አለመስማማታቸው ግን ስሕተት እንዳለ በእርግጠኝነት ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ስበሩ

የቀረን 11,303 ነው። በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 አይካፈልም። መጀመሪያ ወሰኑን አግኙ። 106² = 11,236፣ 107² = 11,449። ስለዚህ ከ106 በላይ ያሉ ፕራይሞችን መሞከር አያስፈልግም። ሁለቱም አካፋዮች ከ106 ቢበልጡ ብዜታቸው ቢያንስ 11,449 ይሆን ነበር፣ ያ ደግሞ ከቁጥራችን ይበልጣል። ኮምፖዚት ከሆነ አንዱ አካፋይ የግድ ከ106 አይበልጥም።

ከ17 እስከ 103 ያሉት ፕራይሞች 21 ናቸው። አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ አቋራጭ ሞክሩ።

ከቁጥሩ የሚበልጡ ስኩዌሮችን ከቅርቡ ጀምራችሁ ውሰዱ። ቁጥሩን ቀንሱ። የተረፈው ራሱ ስኩዌር መሆኑን እዩ።

107² − 11,303 = 11,449 − 11,303 = 146። ስኩዌር አይደለም።
108² − 11,303 = 11,664 − 11,303 = 361። 19² ነው!

ስለዚህ 11,303 = 108² − 19² = (108 − 19) × (108 + 19) = 89 × 127።

ሁለት ቅነሳ ብቻ ፈጀ። አንድ በአንድ ብንሞክር ኖሮ 89 ላይ የምንደርሰው 18ኛው ሙከራ ላይ ነበር። የሚሠራበት ምክንያት (ሀ − ለ) × (ሀ + ለ) = ሀ² − ለ² ስለሆነ ነው። የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ብዜት ሁሉ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል። ሀ የሁለቱ መካከለኛ ነው፣ ለ ደግሞ ከመካከለኛው ያላቸው ርቀት።

ጥንቃቄ፦ ይህ አቋራጭ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። ቢራራቁ መቶ ጊዜ ቀንሳችሁም ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ አሥር ጊዜ ሞክሬ ካልመጣ ትቼ ወደ ፕራይሞቹ ዝርዝር እመለሳለሁ።

89 እና 127 ፕራይም ናቸው? የሁለቱም ወሰን ከ12 በታች ነው፣ እስከ 11 ያሉት ደግሞ 11,303 ላይ አልገቡም። ስለዚህ ሁለቱም ፕራይም ናቸው።

ደረጃ 7፦ በአንድ መስመር ጻፉትና መልሶቹን አውጡ

5,132,167,840,800 = 2⁵ × 3⁴ × 5² × 7² × 11 × 13 × 89 × 127

ይህ መስመር የቁጥሩ መታወቂያ ነው። ከዚህ በኋላ ትልቁን ቁጥር አትመልከቱት። የሚጠየቀው ሁሉ ከአርቢዎቹ ይወጣል፣ ማለትም ከፕራይሞቹ ራስ ላይ ካሉት ትናንሽ ቁጥሮች።

*ስንት አካፋይ አለው?* እያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ደምሩና አባዙ።

6 × 5 × 3 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 4,320

1 የምንደምረው ለምንድን ነው? አንድ አካፋይ ስትሠሩ ከ2ዎቹ ስንት እንደምትወስዱ ትመርጣላችሁ፦ ምንም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስት ምርጫ ነው። «ምንም» ራሱ ምርጫ ነው። ይህን የረሳ ተማሪ 5 × 4 × 2 × 2 ብሎ 80 ይዞ ይመጣል። ከተጠራጠራችሁ በ12 ሞክሩት። 12 = 2² × 3፣ ስለዚህ 3 × 2 = 6። ቁጠሯቸው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12።

*ከነሱ ስንቱ ጎዶሎ ነው?* ጎዶሎ አካፋይ 2ን አይወስድም። የ2 ምርጫ አንድ ብቻ ይሆናል። 4,320 ÷ 6 = 720።

*ስንቱ ፍጹም ስኩዌር ነው?* ስኩዌር የሚሆነው እያንዳንዱ አርቢ በ2 የሚካፈል ሲሆን ነው። ከ2⁵ የሚፈቀዱት 0፣ 2፣ 4 ናቸው፣ ሦስት ምርጫ። ከ3⁴ም ሦስት። ከ5² ሁለት፣ ከ7² ሁለት። ከቀሩት አንድ አንድ። 3 × 3 × 2 × 2 = 36።

*በትንሹ በስንት ቢባዛ ራሱ ፍጹም ስኩዌር ይሆናል?* አርቢያቸው ጎዶሎ የሆነውን ለዩ፦ 2፣ 11፣ 13፣ 89፣ 127። አንድ አንድ ጨምሩላቸው። 2 × 11 × 13 × 89 × 127 = 3,232,658።

*የአካፋዮቹ ሁሉ ድምርስ?* ለእያንዳንዱ ፕራይም ከ1 ጀምሮ እስከ አርቢው ያለውን ደምሩ፣ ከዚያ ሁሉንም አባዙ። ለ2 የሚሆነው 1+2+4+8+16+32 = 63 ነው።

63 × 121 × 31 × 57 × 12 × 14 × 90 × 128 = 26,068,991,477,760

ቁጥሩን ራሱን ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ቅንፎቹን ዘርግታችሁ ብታባዟቸው 4,320ዎቹ አካፋዮች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ስለሚመጡ ነው የሚሠራው።

ቁጥሩ ቅርጽ ካለው ማካፈል አትጀምሩ

ከላይ ያለው ቅርጽ ለሌለው ቁጥር ነው። አንዳንዱ ቁጥር ግን ገና ስታዩት መሰበሪያውን ያሳያችኋል።

አሥራ ሁለት አንዶች፦ 111,111,111,111። ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ክፈሉት። 111,111 × 1,000,001 ነው። 111,111 ደግሞ 111 × 1001። 111 = 3 × 37። 1001ን ታውቁታላችሁ። 1,000,001 = 101 × 9,901። 9,901 ፕራይም ነው። ስለዚህ

3 × 7 × 11 × 13 × 37 × 101 × 9,901

ሰባት ፕራይም፣ ሁሉም አርቢያቸው 1። አካፋዮቹ 2⁷ = 128።

በፋክቶሪያል የመጣ ከሆነ ደግሞ (20! ማለት ከ1 እስከ 20 ያሉት ሁሉ ብዜት ነው) ቁጥሩን ጭራሽ አትዘርጉት። 20! 19 አኃዝ ነው፦ 2,432,902,008,176,640,000። የ2ን አርቢ ለማግኘት 20ን በ2 እያካፈላችሁ ቀሪውን ጣሉ፦ 10፣ 5፣ 2፣ 1። ድምራቸው 18። ለ3፦ 6፣ 2። ድምሩ 8። ለ5 አራት፣ ለ7 ሁለት፣ ለ11፣ 13፣ 17፣ 19 አንድ አንድ። አካፋዮቹ 19 × 9 × 5 × 3 × 16 = 41,040። መጨረሻው ላይ ያሉት ዜሮዎች ከ2 እና ከ5 አርቢ ትንሹን ያህል ናቸው፣ እዚህ 4። የ100! ዜሮዎች ስንት ናቸው ብትባሉ 20 + 4 = 24።

የቀረው አልሰበር ካለስ?

ደረጃ 6 ላይ የቀረው አሥር አኃዝ ቢሆን በሙከራ አይደረስበትም። ግን ኮምፖዚት መሆኑን አንድም አካፋይ ሳታገኙ ማወቅ ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህን መጀመሪያ ስነግራቸው አያምኑኝም። ስለዚህ በትንሽ ቁጥር አሳያቸዋለሁ።

ሕጉ ይህ ነው። ቁጥሩ ከ2 ሌላ የሆነ ፕራይም ከሆነ፣ 2ን ከቁጥሩ በአንድ ለሚያንስ አርቢ አንስታችሁ ለቁጥሩ ስትገድፉት 1 ይቀራል። 1 ካልቀረ ፕራይም አይደለም።

91ን እንፈትን። 2ን እያባዛችሁ ከ91 ሲበልጥ ግደፉ፦

2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 37፣ 74፣ 57፣ 23፣ 46፣ 1

12ኛው ላይ 1 መጣ። ከዚያ በኋላ ይኸው ይደጋገማል። የሚያስፈልገን 90ኛው ነው። 90 ለ12 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፣ 6ኛው 64 ነው። 64 ደግሞ 1 አይደለም። 91 ኮምፖዚት ነው። 7 × 13 መሆኑን አላየንም፣ አላስፈለገንምም።

ለትልቅ ቁጥር ደግሞ አርቢውን አንድ በአንድ አትጨምሩ። ቀሪውን በራሱ እያባዛችሁ አርቢውን በእጥፍ አሳድጉት። 13 አኃዝ ላለው ቁጥር በዚህ መንገድ 40 ገደማ እጥፍ ማድረግ ይበቃል። ከላይ ያየነው 2⁶⁷−1 ኮምፖዚት መሆኑን የሒሳብ ሊቁ ኤዱዋር ሉካ በ1876 ያሳየው አካፋዩን ሳያውቅ ነው፣ በሌላ ዓይነት የቀሪ ፈተና። አካፋዮቹን ሌላው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ያቀረባቸው በ1903 ነው፦ 193,707,721 × 761,838,257,287። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንቃቄ፦ ፈተናው የሚያረጋግጠው በአንድ ወገን ብቻ ነው። 1 ቀረ ማለት ፕራይም ነው ማለት አይደለም። 341ን እዩ። 2¹⁰ = 1024፣ ለ341 ሲገደፍ 1 ይቀራል። ስለዚህ 2³⁴⁰ም 1 ይቀረዋል። ግን 341 = 11 × 31 ነው። በ2 ፈንታ 3ን ብትጠቀሙ 56 ይቀራል፣ ያኔ ይያዛል። 561 (3 × 11 × 17) ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። 3፣ 11 ወይም 17 የማይገባበትን የትኛውንም መነሻ ብትሰጡት 1 ይመልስላችኋል። ለዚህ ነው ትናንሾቹን ፕራይሞች በደረጃ 2፣ 3 እና 4 አስቀድመን የምናወጣቸው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- የአኃዝ ድምርን ለ7 መጠቀም። ድምሩ በ7 ስለተካፈለ ቁጥሩ በ7 አይካፈልም። 16ን እዩት፦ 1+6 = 7፣ ግን 16 በ7 አይካፈልም። ድምር ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው።
- በ2 እና በ4 ስለተካፈለ በ8 ይካፈላል ማለት። 12 በሁለቱም ይካፈላል፣ በ8 ግን አይካፈልም። ሁለት ፈተና አንድ ላይ የሚሠራው ቁጥሮቹ የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ነው፣ ለምሳሌ 3 እና 4 ለ12።
- 91፣ 119፣ 133፣ 143ን ፕራይም ብሎ ማለፍ። 7 × 13፣ 7 × 17፣ 7 × 19፣ 11 × 13 ናቸው። እነዚህን አራቱን በቃላችሁ ያዙ።
- ኮምፖዚት አካፋይ አርቢ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት። 9² ብሎ ትቶ 3 ምርጫ የሚል አለ። 9² ወደ 3⁴ ካልተቀየረ የአካፋዮች ቁጥር ይሳሳታል።

ለልምምድ

720,720። ስንት አካፋይ አለው? ደረጃ 4ን ቀድማችሁ ብትሠሩት ይቀላል፣ 720 − 720 ስንት እንደሆነ አስቡ። መልሱ 240 ነው። 192 ከወጣላችሁ 2ን አንድ ጊዜ ቀድማችሁ ትታችኋል። 160 ከወጣላችሁ ደግሞ የተተወው 3 ነው።